ጥፋተኛው መጽሐፉ ነው

በቴክሳስ ልጁን ቤቱ የሚያስተምርን ወላጅ ሕጉ የሚጠይቀው አምስት ነገር ነው፤ ንባብ፣ የቃላት አጻጻፍ፣ ሰዋስው፣ ሒሳብና መልካም ዜግነት። አማኟ እናት ግን መንግሥት ማረኝ ብላ አትቀመጥም። የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰውን ልጇን ላቲን ታስጀምረዋለች።

የመጽሐፍ ምርጫውማ ቤተ ክርስቲያን ከመቀየር አይተናነስም። እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ፍሎሪዳ ውስጥ የተጀመረው የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ አቤካ የየዕለቱን ትምህርት ለክቶ ሰፍሮ ያቀርባል። «ይኼማ ያው ትምህርት ቤት ነው!» ያለች ወደ አስተማሪዋ ሻርሎት ሜሰን ዘዴ ትዞራለች፤ አጭር ትምህርት፣ ጥሩ መጽሐፍ፣ ደጅ ወጥቶ ወፍና ቅጠል ማየት። እንግሊዛዊቷ ሜሰን በ1923 እስክታርፍ ድረስ ልጅ አልወለደችም፤ እናቶችን ያን ያህል ተረጋግታ የመከረችው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ፕሮግራሙ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ጸሎት፣ ሒሳብ፣ ታሪክ። በጸሎቱ መሀል ትንሹ ልጅ ወተት ይደፋል። ሒሳብ ሲጀመር እርሳስ ይጠፋል። መልካም ዜግነት የሚማሩት ወንድማማቾች በአንድ ማስመሪያ ይቧቀሳሉ። አባት ከሥራ ደውሎ «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች።

ጥር ሲገባ ጥፋተኛው ይለያል፤ መጽሐፉ ነው! ሌላ ይታዘዛል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ቤቱ ለአንድ ሳምንት ገነት ይሆናል።

እኅቴ፣ እባክሽ የያዝሽውን ጨርሺ። ልጁ ማካፈል ያልቻለው አሳታሚው ስለከፋ አይደለም፤ በየጊዜው ከምዕራፍ አንድ ስለሚጀምር ነው።