ትርጓሜ ዘመዝገበ ረባሾች

የሀገራችን ሊቃውንት ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕልና ስለ ቅዱሳን ገድል ብዙ ደክመዋል፤ የባዕድ ሀገር ሰዎችም ከገዳም ገዳም እየዞሩ፣ የብራናውን ስፋትና የዓምዱን ቍጥር ሳይቀር እየለኩ፣ ወፋፍራም ዝርዝሮች አሳትመዋል። ዳሩ ግን በካቶሊክ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት ክፍሎች፣ መምህር ከበሩ በወጣ ቍጥር ስለሚጻፈው፣ በተጻፈበትም ቀን ለቅጣት ስለሚደርሰው፣ የረባሾች ስም ዝርዝር ተብሎ ስለሚጠራው የጽሑፍ ዘር ሐተታ የጻፈ ሰው አላጋጠመንም። ይህችም ትንሽ ጥናት ያንን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት የተሰናዳች ናት።

መዝገቡ የሚጻፍበት ወረቀት ከደብተር መካከል የተገነጠለ ሉክ ነው። ከዳር የገነጠለ እንደ ሆነ የዚያው ወረቀት ግማሽ በማግስቱ ተላቆ ስለሚወድቅ፣ ልምድ ያለው ጸሐፊ ሁልጊዜ ከሽቦው ላይ፣ ሁለቱን ገጽ በአንድነት ያነሣል፤ ደብተሩም አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አይደለም። ርእሱ «ኔም ኦፍ ዲስተርበርስ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ከሥሩ ሁለት መስመር ይሰመርበታል፤ ስሞቹ ግን በአማርኛ ይከተላሉ። ይህም በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ በታዘዘው ትእዛዝና በጥድፊያ ጊዜ ለእጅ በሚቀናው ፊደል መካከል የተደረገ ዕርቅ ይመስላል። የአባት ስም የሚጨመረው ጸሐፊው በተቈጣ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አያት እስከ መጥቀስ የተደረሰበት ቅጂ ከዕለቱ ረብሻ ያለፈ የቆየ ቂም መኖሩን ያመለክታል።

ጸሐፊው ሞኒተር ይባላል። ለዚህ ሹመት የሚያበቁት ነገሮች ባለፈው ዓመት ካርድ ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ መውጣትና የሰውነት ቁመት ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሳይገናኙ የቀሩ እንደ ሆነ ቁመት ይረታል፤ ሰሌዳውን እስከ ላይኛው ጠርዝ የሚያጠፋ ሰው ያስፈልጋልና።

የሹመቱን ሐረገ ትውልድ ወደ ኋላ ስንከተል ርቀን እንሄዳለን። ኢየሱሳውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1599 ዓ.ም. ባጸደቁት የትምህርት ሥርዓት ውስጥ፣ በእኛ አነጋገር የዐሥር አለቃ ልንላቸው የሚገባን ተማሪዎች ነበሩ፤ ተግባራቸውም የባልንጀሮቻቸውን የቃል ጥናት መስማትና ማን ስንት ጊዜ እንደ ሳተ በመዝገብ ማስፈር ነበረ። ከእነርሱም በኋላ የተነሣው የሬምሱ ካህን ዣን ባቲስት ደ ላ ሳል፣ በተወለደ በ67 ዓመቱ በ1719 ዐርፎ በማግስቱ ዓመት በአቪኞን በታተመው የትምህርት ቤት መተዳደሪያ መጽሐፉ፣ መምህር በማይኖርበት ሰዓት ክፍሉን የሚጠብቅ አንድ ተማሪ እንዲሾም ያዝዛል፤ የተሾመውም ልጅ ምንም ነገር ቢደረግ ከቦታው ሳይነሣ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ማንንም ሳያስፈራራ፣ ያየውን ብቻ ለመምህሩ እንዲናገር ይደነግጋል። ከዚህም አልፎ፣ የአዳምን ልጅ ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ፣ ያንን ጠባቂ የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች በተጨማሪ እንዲሾሙ አዝዟል። እንዲህ ያለውን ሰው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው መሰየማቸው ተገቢ ነው እንላለን።

ሹመቱ ወደ ሀገራችን የገባበትን መንገድ በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአፄ ፋሲል ዘመን ተሰደው የወጡት ኢየሱሳውያን፣ ሦስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ከካናዳ መጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረክበዋል፤ የደ ላ ሳል ማኅበር ወንድሞችና የልዩ ልዩ ማኅበራት ደናግልም በየጊዜው ትምህርት ቤት ከፍተዋል። ኢየሱሳውያን በፊተኛው ጊዜ ፓትርያርክ ይዘው መጥተው ያልተሳካላቸውን፣ በኋለኛው ጊዜ ጠመኔ ይዘው መጥተው እንደ ተሳካላቸው መመስከር ይገባል። የዛሬው ሞኒተር ከየትኛው ማኅበር እንደሚወለድ መከራከር ለባለሙያዎች ይቅርና፣ ሲሻገር ዝምታውን በባሕር እንደ ጣለ፣ ሁለቱን ጠባቂዎችም በወደብ እንደ ተዋቸው ግልጽ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ጥቂት ጊዜ በእውነት ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ሞኒተሩ ተነሥቶ፣ ዳስተሩን በጠረጴዛው ላይ እየደበደበ፣ የጠመኔው ብናኝ እስኪሸፍነው ድረስ፣ «ኪፕ ኳየት!» ብሎ ይጮኻል፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ረብሻ ይህ ነው። ቀጥሎም አንድ ስም ይጽፋል። የተጻፈው ልጅ «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል፤ ስለዚህም በስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግበታል። ጎረቤቱ ይሥቃል፤ እርሱም ይጻፋል። ሦስተኛው «እርሱ ሲጻፍ እርሷ ለምን ቀረች?» ብሎ ስለ ፍትሕ ይከራከራል፤ ፍትሕ የጠየቀ ሁሉ በዚህ መዝገብ ዘንድ አውርቷልና ይጻፋል። ከዚህ እንደሚታየው መዝገቡ ረብሻን የሚመዘግብ ብቻ ሳይሆን የሚመዘግበውን ረብሻ ራሱ የሚያመርት ነው፤ ያለ ሞኒተር የተተወ ክፍል ምን ያህል ይጮኽ እንደ ነበረ ለመመርመር የፈቀደልን ርእሰ መምህር ግን አልተገኘም።

አሁን ወደ ምልክቱ ትርጓሜ እንግባ። በአንድ የሰባተኛ ክፍል ቅጂ «ዮናስ ×××» ይላል። እንዲህ ማለቱ ስለምን ነው ቢሉ፣ ዮናስ ሦስት ጊዜ አወራ ሲል ነው። አንድም፣ አንድ ጊዜ አወራ፤ ሁለት ጊዜ ለምን ተጻፍሁ ብሎ ጠየቀ ሲል ነው። አንድም፣ ዮናስስ ምንም አላወራም፤ ያወራው በአጠገቡ የተቀመጠው ነው፤ ነገር ግን ያ ልጅ የሞኒተሩ የሰፈር ጓደኛ ስለ ሆነ ዮናስ ስለ እርሱ ፈንታ ተጻፈ። አንድም፣ ዮናስ በዕለቱ ከትምህርት ቀርቷል፤ ቢመጣ ኖሮ ማውራቱ አይቀርም ነበር ሲል ነው። እኛ የመጨረሻውን ትርጓሜ እንመርጣለን፤ የክፍሉ የስም መጥሪያ ይደግፈዋልና።

የተጻፈው ሁሉ ግን አይጸናም። «ስሜን አጥፋልኝ» የሚለው ልመና ከዕረፍት ሰዓት በፊት ይጀምርና ምሳ ዕቃ ሲከፈት ወደ ድርድር ይለወጣል። ማስቲካ አንድ ምልክት ያነሣል፤ ግማሽ ዳቦ በእንቁላል ስምን ከነምልክቱ ይፍቃል። ረቡዕና ዓርብ ግን፣ በዐቢይ ጾምም ጊዜ፣ እንቁላል ዋጋውን አጥቶ ድንች በዳቦ ይነግሣል፤ ሞኒተሩ ኦርቶዶክስ ቢሆን ወይም በግእዝ ሥርዓት የሚያስቀድስ ካቶሊክ ቢሆን በዚህ ረገድ ልዩነት አላገኘንም፤ ጉቦ ተቀብሎ ጾም የሚገድፍ ሞኒተር የለም። አፋፋቁም በራሱ ጥናት የሚገባው ነው። በአንድ መስመር ብቻ የተሰረዘ ስም ክፍያው ገና እንዳልተጠናቀቀ ያሳያል፤ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ በእስክሪብቶ የጠቈረ ስም ፍጹም ሥርየት አግኝቷል፤ በንጹሕ ሉክ እንደገና የተገለበጠ መዝገብ ደግሞ በዚያ ቀን ብዙ ምሳ ዕቃ እንደ ተከፈተ ያስረዳል።

የሲስተር መምጣት በወገባቸው ከታሰረው የመቁጠሪያ ድምፅ አስቀድሞ ይታወቃል። ክፍሉ በአንድነት ተነሥቶ፣ የመጨረሻውን ፊደል እንደ ቅዳሴ እየጎተተ፣ «ጉድ ሞርኒንግ ሲስተር» ካለ በኋላ ወረቀቱ ይቀርባል፤ እሳቸውም ሳይጠይቁ ያነቡታል። በምሥጢረ ንስሓ ኃጢአቱን የሚናዘዘው ኃጥኡ ራሱ ሲሆን፣ እዚህ ግን ሌላው ይናዘዝለታል፤ ቀኖናው ብቻ ለባለቤቱ ይደርሳል። ቀኖናውም ፊትን ወደ ሰሌዳ መልሶ መንበርከክ ወይም «አይ ዊል ኖት ቶክ ኢን ክላስ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር መቶ ጊዜ መጻፍ ነው። ይህን የጽሕፈት ቅጣት የፈጸሙትን ስንመለከት፣ ማንም ዐረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር አይጽፈውም፤ ሁሉም «አይ» የሚለውን ከላይ እስከ ታች ይደረድርና ወደ «ዊል» ይሻገራል። ሁለት እስክሪብቶ በላስቲክ አስረው በአንድ ምት ሁለት መስመር የሚጽፉም አሉ። እንግዲህ ተቀጪው ያንን ዐረፍተ ነገር መቶ ጊዜ ጽፎ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነበው ይወጣል።

ለመሆኑ ደ ላ ሳል ያዘዛቸው ሁለቱ ጠባቂዎች በእውነት ጠፍተዋልን? ፈጽመው አልጠፉም፤ ከሁለቱ አንደኛው ምክትል ሞኒተር በሚል ስም በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ የለውም፤ ሞኒተሩ ጠመኔ እንዲያመጣ ወደ ጽሕፈት ቤት የተላከ እንደ ሆነ ብቻ ወረቀቱ ለጥቂት ደቂቃ በእጁ ይገባል። ባየናቸውም ቅጂዎች ሁሉ፣ በምክትሉ የእጅ ጽሕፈት የሰፈረው የመጀመሪያው ስም የሞኒተሩ ስም ነው፤ በትይዩውም «ሲወጣ አውርቷል» የሚል ይነበባል።