የቆሙ መኪኖች ባትሪ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 12.6

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሩፋኤል ባለው የጉለሌ ምድር የምንኖር፣ የራሳችን መኪና የሌለን፣ የሰው መኪና ግን በየማለዳው ስንገፋ ትከሻችን የጎበጠ ነዋሪዎች፤

ነዳጅ ሲወደድና ሰልፉ ሲረዝም ባለመኪናው በታክሲ መመላለስ መጀመሩን፣ መኪናውም ከሸራ ሥር ተጠቅልሎ እንደ ወርቅ መቀመጡን፣ ከአሜሪካ የመጣ ወንድም ለአንድ ወር የነዳትን ቪትዝ «አደራ» ብሎ ጥሎ መሄዱን በመገንዘብ፤

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ድረስ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው መኪና በእጅ ተጠምዝዞ የሚነሣበት ዘመን እንደነበር፣ ያን ጊዜም ቢሆን የሚጠመዝዘው ነጂው እንጂ ጎረቤቱ እንዳልነበር በማስታወስ፤

ከተማችን ራሷ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ቁልቁል ተንደርድራ የተነሣች ብትሆንም፣ ይህ ታሪክ መኪናን በቁልቁለት ለማስነሣት እንደ ሕግ መሠረት ሊጠቀስ እንደማይገባ በማመን፤

የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «እባካችሁ አንዴ ግፉኝ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «አንዴ» ማለት ከሦስት ጊዜ የማያንስ ነው፤ «ትንሽ ገፋ ብታደርጉት» ማለት እስከ ስድስት ኪሎ ነው። «ትናንት እኮ ተነሥቶልኝ ነበር» የሚለው አባባል ለዚህ አዋጅ አፈጻጸም እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አንቀጽ 3. ስለ ማለዳው ሥርዓት

1. ጋቢ ደርቦ ወጥቶ፣ ሞተር አስነሥቶ፣ አምስት ደቂቃ አስጩኾ፣ ሰፈሩን በጭስ ካጠነ በኋላ አጥፍቶ ወደ አልጋ መመለስ ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው።

2. ባለመኪናው ይህን የሚያደርገው ለባትሪው አዝኖ መሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያሽከረክር ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል። የወጣውን የሚተካው ዲናሞው ነው፤ ዲናሞው ደግሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር እጁ እጥር ይላል። አምስት ደቂቃ ቢበዛ ለማስነሻ የወጣውን ይመልስ ይሆናል እንጂ መኪናው ቆሞ በከረመበት ጊዜ ያለቀውን አይተካም። በዚያ ላይ መብራቱ በርቶ፣ ሬዲዮው ዜና እያነበበ ከሆነ ያውም ተስፋ የለም። ሳይሞቅ የጠፋ ሞተር ደግሞ ማርሚታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፤ ማርሚታው ዝጎ ሲበሳ ጩኸቱን የምንሰማው እኛው ነን።

3. ስለዚህ ማንኛውም ባለመኪና ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ መኪናውን ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ በደንብ ይነዳል። መንገድ የጠፋበት ከአዲሱ ገበያ የጎጃምን መንገድ ይዞ ሱሉልታ ድረስ ይውጣ። ከሰፈር ሱቅ ዳቦ ገዝቶ መመለስ እንደ ጉዞ አይቆጠርም።

4. ሲመለሱ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን መልቀቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዲናሞው ይቆማል፣ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪው ይከብዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታች መንገድ ዳር የቆምነው እኛ ነን።

አንቀጽ 4. ቆሞ ስለሚበላ መኪና

ያልተነዳ መኪና አይበላም የሚለው እምነት ተሽሯል። አላርሙ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ ያሸልባል እንጂ አይተኛም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው 50 ሚሊ አምፒር ቢወስዱ በቀን 1.2 አምፒር ሰዓት ማለት ነው፤ ባለ 45 ባትሪ በአንድ ወር ከሳምንት ባዶውን ይቀራል። ሞተር አላስነሣም ለማለት ግን ባዶ እስኪሆን አይጠብቅም፤ ከዚያ ቀደም ብሎ «ጠቅ» ብቻ ብሎ ዝም ይላል።

ስለዚህ ክረምቱን ወይም ከዚያ በላይ መኪናውን የሚያቆም ሰው የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታ። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቭ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቭ። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ፖዘቲቩን እየፈታ ቁልፉን ከመኪናው አካል ጋር ያነካካ ሰው የሚያየው ብልጭታ የሐምሌን መብረቅ ያስንቃል። ባትሪው ሲፈታ አላርሙ ስለሚሞት ዘበኛው እንቅልፉን በዚያው ልክ እንዲቀንስ ታዟል።

አንቀጽ 5. ስለ አዋጁ ቁጥርና ስለ ብርድ

የአዋጁ ቁጥር በዕጣ አልወጣም። ሞልቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ወደ 12 ሲጠጋ ባለቤቱ ከማን ቤት ስንት ጎረምሳ እንዳለ መቁጠር ይጀምራል። ባትሪ ባዶውን በከረመ መጠን በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ የተጋገረው ደግሞ በቻርጅ በቀላሉ አይለቅም።

የሰፈራችን ባለመኪኖች ጥፋቱን ሁሉ በእንጦጦ ብርድ ሲያላክኩ ኖረዋል። የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ዘይቱን ማወፈሩና የባትሪውን ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን ብርድ የቆመ ባትሪ በራሱ የሚያልቅበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። የአዋሽ ሰው ቢያማርር ያምርበታል። የጉለሌ ብርድ ደካማውን ባትሪ አጋለጠ እንጂ አልገደለውምና በነፃ ተሰናብቷል።

አንቀጽ 6. ስለ ቻርጀር

ቻርጀር ሰክቶ መተው የሚችል ይስካ። ከሰካ በኋላ መብራት ቢሄድ ይህ አዋጅ አይመለከተውም። ሆኖም መብራት ሲሄድ ሻማ ለኩሶ «እስኪ ሞልቷል?» ብሎ በባትሪው ላይ ማጎንበስ ክልክል ነው፤ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ ለሻማ ክብር የለውም። ውሃው ለሚጎድል ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት። የእንጦጦ ጸበልም ለታመመ ሰው ነው።

አንቀጽ 7. ለመገፋት ብቁ ስላልሆኑ መኪኖች

ቮልስና ዲኤክስ እስከ ዛሬ ያኖሩን ባለውለታዎች ናቸው፤ ቁልፍ ከፍቶ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ «ግፉ!» ማለትና ሲንደረደር መልቀቅ ነው። ኦቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ግን ቢገፋ ይሄዳል እንጂ አይነሣም፤ ጎማው ሞተሩን አያዞርለትም። ይህን ባለቤቱ የሚነግረን ብዙውን ጊዜ ዳገቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወደፊት ማንኛውም «ግፉኝ» ባይ ከመገፋቱ በፊት የማርሹን ዓይነት ጮክ ብሎ ያስታውቅ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የሚኮሩ ጎረቤቶቻችን ከዚህ አዋጅ ነፃ ነን ብለው አስበው ነበር። አይደሉም። ከዚያ ሁሉ ትልቅ ባትሪ ሌላ የእነሱም መኪና ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላት፤ እሷ ከሞተች በሩም አይከፈት፣ ኮምፒውተሩም አይነቃ። መግፋትማ አይታሰብም።

አንቀጽ 8. ቅጣት

በወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ያስገፋ ባለመኪና ለገፊዎች ቡና ከነቁርሱ ያቀርባል፤ ወፍራም የማስነሻ ኬብልም ገዝቶ መኪናው ውስጥ ያስቀምጣል። ቀዩን ከቀይ አስሮ፣ የጥቁሩን መጨረሻ ጫፍ ከባትሪው ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ማሰርን ካልተማረ ግን ኬብሉን ጎረቤት ይያዝለት። ለሦስተኛ ጊዜ ያጠፋ፣ መሪውን ከገፊዎቹ ለአንዱ አስረክቦ ራሱ ይገፋል።

አንቀጽ 9. አዋጁ ስለሚነገርበትና ስለሚጸናበት ሁኔታ

ይህ አዋጅ ሞንታርቦ በተጫነበት መኪና በየመንደሩ ከተነገረበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሞንታርቦው የሚሠራው በመኪናው ባትሪ ስለሆነ አዋጅ ነጋሪው ሞተሩን እንዳያጠፋ በጥብቅ ታዟል። ካጠፋም ቁልቁለት ላይ ያጥፋ።