ለጫጩት ሽማግሌ የሚላክበት ዘመን

ወገኖቼ፣ እናንተ ከዘራችሁን ተደግፋችሁ በረንዳ ላይ ፀሐይ የምትሞቁ የዕድሜ እኩዮቼ፣ እስቲ ጉዴን ስሙኝ። ሰው አጥር ከሚጋራው ጎረቤቱ ጋር ሰላምታ ሳይለዋወጥ ዓመት በሚከርምበት በዚህ ዘመን፣ ጫጩት ከዶሮ ጋር እንዲተዋወቅ ሽማግሌ ይላካል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የተላክሁት ሽማግሌ እኔ ነኝ።

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ የልጅ ልጄ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከታወጀ ወዲህ ከሱቅ እንቁላል መግዛት ነውር ሆኖበት፣ ጎመኔንና ጤና አዳሜን ነቅሎ ጓሮውን የዶሮ ቤት አደረገው። መጀመሪያ የሀበሻ ዶሮዎች ከገበያ መጡ። እሺ፣ ይህስ ወግ ነው። ቀጥሎ «የ45 ቀን» የሚሏቸው ደግሞ በሞተር ሳይክል ተጭነው ደረሱ። እነሱ ሳይረጋጉ፣ ገና ትናንት ከማሽን የወጡ ጫጩቶች በካርቶን ታሽገው ከች አሉ። በእናት ፋንታ ካርቶን! ሳይበሉ ሳይጠጡ ይህን ሁሉ መንገድ እንዴት ቻሉት ብዬ ብጠይቅ፣ «አባባ፣ ሊፈለፈሉ ሲሉ ወደ ሆዳቸው የሚገባው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያቆያቸዋል» አለኝ። ስንቃቸውን ቋጥረው ነው የሚወለዱት። የዛሬ ልጅ ምሳ ዕቃው ካልተያዘለት ከደጃፍ አይወጣም።

እንግዲህ በአንድ ጓሮ ሦስት ትውልድ ተሰበሰበ። «በል ሁሉንም ልቀቃቸውና ይላመዱ» ብለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «ተዉ እንጂ አባባ፣ ትንንሾቹን ይገድሏቸዋል!»

ይገድሏቸዋል ይለኛል። ዶሮን! ለእኔ!

የድሮ ዶሮ እኮ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጨዋ ነበረች። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ዛጎልማው፣ ነጩ፣ ሁሉም በየመልኩ አንድ ቆጥ ላይ ተቃቅፎ ያድር ነበር። አንዲት ዶሮ ታርዳ በ12 ብልቷ ሰፈሩን አጥግባ ለመንገደኛ ትተርፍ ነበር። ጭልፊት እንኳ ሰማይ ላይ ቢያንዣብብ ረቡዕና ዓርብን ይጾም ነበር። ሸለምጥማጡም ቢሆን ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቤቶች ብሎ ነው የሚገባው። የዶሮ በሽታ የሚባል ነገርማ ጨርሶ አይታወቅም። ፈንግል በገባ ጊዜ ብቻ ነው ሰፈሩ ዶሮ አልባ የሚሆነው፤ እሱም ቢበዛ በየዓመቱ ነው።

የዛሬዎቹ ግን! ከማሽን የመጡት ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም እኩል፤ አንዷን ከአንዷ ለመለየት መነጽር አውልቆ መጥረግ ያስፈልጋል። መታቀፍ አያውቁም። ዘራቸው ሲመረጥ የመታቀፍ አመላቸው እየተወገደ ሄዶ እንቁላል መጣል ብቻ ቀረላቸው። ከዚህ ሁሉ ያልተለወጠ አንድ ነገር ቢኖር፣ በማሽንም ይሁን በዶሮ ክንፍ ሥር ጫጩት የሚወጣው ያው በ21 ቀኑ መሆኑ ነው። እሱንም ሳያሳጥሩት የቀሩት ረስተውት መሆን አለበት።

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። ልጁ ሕጉን ከስልኩ እያነበበ ዘረዘረልኝ። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣ ዶሮ ከነባሩ ጋር ሳይገናኝ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አንድ ወር ለብቻው ይቆያል። ጤነኛ የሚመስለው ትልቅ ዶሮ በሽታ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ኮክሲዲያ የሚሉት፣ ጫጩትን ደም የሚያስቀምጠው፣ ከትልልቆቹ ኩስ ነው የሚተላለፈው። ለዶሮ ኳራንቲን! እናቴ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላትና፣ እንዲህ ያለ መንዛዛት አታውቅም ነበር። ከገበያ ያመጣቻትን ዶሮ እግሯን በገመድ አስራ ከማድቤቱ ጀርባ ብቻዋን ታቆያታለች፤ ዓይኗን እያየች፣ ኩሷን እያየች ትሰነብትና ልቧ ሲረጋ ትፈታታለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ መተያየት እንጂ መነካካት የለም። መሃሉ ላይ ወንፊት ሽቦ ይዘረጋና ትልልቆቹ በዚህ፣ ትንንሾቹ በዚያ ሆነው አንድ ሁለት ሳምንት ሲተያዩ ይከርማሉ። እጮኛሞች ናቸው? እናቴ ሽቦ ከየት አምጥታ! ጫጩቶቹ ላይ የቀርከሃ ቅርጫት ትደፋና ግቢው መሃል ታስቀምጣቸዋለች። ትልልቆቹ ዙሪያውን ዞረው፣ በቀዳዳው አጮልቀው፣ ሲሰለቻቸው ወደ ጥሬያቸው ይመለሳሉ። ማንም ሽቦ አላስፈለገውም።

ሦስተኛ፣ መብያና መጠጫው በዝቶ በየጥጉ ይቀመጣል፤ ትልልቆቹ የማይገቡበት፣ ትንንሾቹ ብቻ ሾልከው የሚያመልጡበት መሸሸጊያም ይበጃል። የእንቁላል ጣይ መኖም ለጫጩት አይሰጥም፤ ካልሲየሙ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ሲቀላቀሉ ሁሉም የትንንሾቹን መኖ ይበሉና ለሚጥሉት ካልሲየሙ ለብቻ ይቀርባል። ለዶሮ የምግብ ዝርዝር! እናቴ ቅርጫቱን በድንጋይ ከፍ ታደርገውና ከሥሩ ጤፍ ትበትናለች፣ በገል ውሃ ታኖራለች፤ ትንንሾቹ ሾልከው ይገባሉ፣ ትልቋ አንገቷን ብቻ አስገብታ ትቀራለች። የእንቁላል ቅርፊት አድርቃ ወቅጣ ደግሞ ለምትጥለዋ ለብቻዋ ትሰጣለች። ይህን ሁሉ ማንም ከስልክ አንብቦ አልነገራትም።

አራተኛውን ስሰማማ ሳቄ መጣ። የሚቀላቀሉት በማታ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ዶሮ ስለማታይ አትደባደብም፣ አብረው አድረው ይነሳሉ ይላል። በሌሊት፣ ተደብቆ! እናቴ የዱሮ ሰው ናት፣ ድብብቆሽ አታውቅም። ጎረቤት እናት አልባ ጫጩት ቢሰጣት፣ ታቅፋ የፈለፈለች ዶሮ ካላት ሲመሽ ጠብቃ፣ ኩራዙን አጥፍታ፣ ጫጩቱን ቀስ አድርጋ ከክንፏ ሥር ትሸጉጠዋለች። ደግሞም የተፈለፈለ ሰሞን ነው እንጂ ከዚያ ካለፈ እናቲቱ ባዳነቱን አውቃ ትገፋዋለች። «ሲነጋ የራሷ ይመስላታል» ትል ነበር። ተመልከቱ እንግዲህ፣ እኛ ማንንም ከማንም አስተዋውቀን አናውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ልጁ ኖርዌይ ድረስ ወሰደኝ። ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበ የተባለ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ቁጭ ብሎ ሲመለከት፣ ማን ማንን እንደሚጠቀጥቅ ሲመዘግብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ደረጃ እንዳላቸው ጻፈ። አንደኛዋ ሁሉንም ትጠቀጥቃለች፣ ሁለተኛዋ ከአንደኛዋ በቀር ሁሉንም፣ የመጨረሻዋ ምስኪን ማንንም አትጠቀጥቅም። አዲስ ሲገባ ደረጃው ይፈርስና ጠቡ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ትንሹ በቁመት ሳይደርስባቸው አይቀላቀልም አለኝ። የዘመኑ ትምህርት ይኸው ነው፤ ዶሮ ቆጥሮ ሊቅ መባል። እኔ መቼም ደረጃ፣ ማዕረግ የሚባል ነገር አልወድም። ባለፈው በዕድሩ ድንኳን አንድ ጎረምሳ ከእኔ ፊት ገብቶ ሲቀመጥ በከዘራዬ ጎንተል ያደረግሁት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ሥርዓት ነው።

አሁን ሥራ ፈትቼ በርጩማዬን ሽቦው አጠገብ አድርጌ እውላለሁ። ዶሮ ማየት ወድጄ ሳይሆን ፀሐዩ እዚያ ስለሚመጣ ነው፤ ቢደምንም ልማድ ሆኖብኝ ነው። ትናንት ገብስማዋ መጣች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ የአንገቷን ላባ አቁማ፣ ጭንቅላቷን ጋደል አድርጋ በአንድ ዓይኗ ጫጩቶቹን ገረመመቻቸው። አንዱ፣ ገና ክንፉ ላይ ላባ ያቆጠቆጠ፣ ፈንጠር ፈንጠር ብሎ መጣና በሽቦው ቀዳዳ ጥፍሯን ጠቅ! ዘልላ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ከዚያ ዞራ አየችኝ። ምን ልበላት? አሳዳጊ የበደለው ነው አልኋት። ዶሮ ስም ይውጣለት የሚሉትን ዘመናዮች አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ፊታውራሪን በዚያች ሰዓት ያዳነው ግን ሽቦው ነው። ፊታውራሪ ደግሞ ስም አይደለም፣ ሹመት ነው።

ሙቀቱንም በቴርሞሜትር ይለካላቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ እየቀነሰ፣ ላባቸው እስኪሞላ ስድስት ሳምንት ያህል ይሄዳል። እኔ ታምሜ ተኝቼ እንኳ ትኩሳቴን የለካኝ አልነበረም። መብራት የሄደ ለት ጋቢዬን ሳጥናቸው ላይ የጣልሁት፣ ጋቢው መታጠብ ስለነበረበት ብቻ ነው። ሌሊቱን ልጁን እየቀሰቀስሁ «ደህና ናቸው?» ያልሁትም እንቅልፍ ስላጣሁ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የእናንተም ልጆች ይህን ዕዳ ካመጡባችሁ ከስልክ አትማሩ። የአባቶቻችሁን ጥበብ ያዙ። አዲሱን ለብቻው አሰንብቱ፣ ላባው ሳይሞላና ቁመቱ ሳይደርስ አትልቀቁት፣ መሃሉ ላይ የሚያሳይ ግን የማያስነካ ነገር አድርጉ፣ መብያውን አብዙ፣ መሸሸጊያ አብጁ፣ ሲመሽ ቆጡ ላይ አስቀምጡና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ ጠብቋቸው። ጥቂት መጠቃጠቅ ያለ ነው፤ ደም ከታየ ግን የቆሰለውን ቶሎ አውጡት፣ ቀይ ያዩ እንደሆነ አይምሩትም። ይህን ለልጁ ስነግረው ሳቀብኝ። ለምን እንደሳቀ አልገባኝም።

ይባስ ብሎ አሁን ደግሞ ሌሎች የአንድ ቀን ጫጩቶች ለጥቅምት አዝዣለሁ አለኝ። ለጥቅምት! እናንተው ፍረዱኝ። በዚያ ውርጭ? የዛሬ ልጅ ምንም አያስብም እኮ፤ በመስከረም አያመጣቸውም ነበር?