ዘፈኑን የፈራው ማን ነበር?

ጋሼ፣ ያን የፒንክ ፍሎይድ የግንብ ዘፈን «ልጅ ያባልጋል» ብለው ፈረዱበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነጋገር።

«የትምህርት ጠላት ነው» አሉ። ደራሲው ሮጀር ዋተርስ እኮ የመምህራን ልጅ ነው! እናቱም አባቱም አስተማሪዎች ነበሩ። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ በጦርነት ሲወድቅ፣ እሱ የአምስት ወር ሕፃን ነበር። ዘፈኑ የወጣበት አልበምም ከዚያ ሐዘን የተቀዳ ነው፤ የአባት ሞት አንድ ጡብ፣ የአስተማሪ ስድብ ሌላ ጡብ እየሆነ አንድን ልጅ ከሰው የሚለይ ግንብ ይቆማል።

«ታዲያ አስተማሪ ምን በወጣው ይዘለፋል?» የትኛውን አስተማሪ? አላን ፓርከር በ1982 ከአልበሙ የሠራውን ፊልም ይዩት። ልጁ ክፍል ውስጥ ግጥም ሲጽፍ ይያዛል። አስተማሪው ደብተሩን ነጥቆ፣ ግጥሙን ጮክ ብሎ እያነበበ በጓደኞቹ ፊት መሳቂያ ያደርገዋል። ይህን ትምህርት ካሉት፣ ትምህርትን የሰደቡት እርስዎ እንጂ ዘፈኑ አይደለም።

«ተማሪ ያሳምፃል» አሉ። በዚህስ ከእርስዎ የቀደመ አለ፤ የደቡብ አፍሪካው የአፓርታይድ መንግሥት በ1980 ዘፈኑን አግዶታል። ተማሪዎች በዘር የተከፋፈለውን ትምህርት ተቃውመው ክፍል አንገባም ሲሉ ይዘውት የወጡት ይህንኑ ዘፈን ነበር። እነዚያ ልጆች ትምህርት ጠልተው መሰልዎት? የነጭ ልጅ የሚማረውን ያህል መማር ስለፈለጉ እኮ ነው! ሹማምንቱ ይህ ገብቷቸዋል፤ የፈሩትም ስለገባቸው ነው። እርስዎ ግን አስተማሪ ሆነው ሳለ ከማን ጎን እንደቆሙ ልብ ይበሉ።

መውቀስ ካማረዎ የሚወቀስበትን እኔ ላሳይዎ። በዘፈኑ ውስጥ የሚሰሙት ልጆች የለንደኑ የኢዝሊንግተን ግሪን ትምህርት ቤት 23 ተማሪዎች ናቸው። የሙዚቃ መምህራቸው ሰፈር ውስጥ ወዳለ ስቱዲዮ ወስዶ አስቀረጻቸው። ያ ድምፅ ባይኖር ዘፈኑ ግማሽ ጉልበቱን ባጣ ነበር። ዘፈኑ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ፤ ለትምህርት ቤቱ 1,000 ፓውንድ ተሰጠ፤ ልጆቹ ግን ከሽያጩ ድርሻ አላገኙም። አድገው፣ ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ በ2004 የተወሰኑት መብታችን ይከበር ብለው ጠየቁ።

ስለ ልጆች ክብር የሚጮህ ዘፈን በልጆች ድምፅ ከብሮ ልጆቹን መርሳት አልነበረበትም። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገባቸው ነበር።