የ42 ዓመቱ ሰውዬ

ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲለካ ሻጭ ክንደ አጭር ልጁን ያቀርባል፤ ገዢ ደግሞ ክንደ ረጅም አጎቱን አስከትሎ ይመጣል። ጨርቁ ያው ነው፤ ጠቡ በክንዱ ነው። የአገሮችን የሠራተኛ ሕግ እየለኩ ደረጃ የሚያወጡትም ከዚያ ገበያ ብዙ አልራቁም።

የዓለም ባንክ «ዱይንግ ቢዝነስ» በተባለው ሪፖርቱ አገሮችን ማወዳደር እንዲመቸው አንድ ሠራተኛ በሐሳቡ ቀጥሮ ነበር። ዕድሜው 42፣ ጾታው ወንድ፣ በአንድ ድርጅት 20 ዓመት ያገለገለ፣ በአገሩ ትልቁ ከተማ የሚኖር፣ ዘሩም ሃይማኖቱም ከብዙኃኑ፣ ካልተገደደ በቀር የሠራተኛ ማኅበር ደጃፍ የማይረግጥ። አያረግዝ፣ አያድም! ታዲያ ይህን የመሰለ ጨዋ ሰው ተገኝቶ ከሚጠየቁት ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ «እሱን ማባረር ስንት ያስወጣል?» የሚል ነበር። ወጪው ባነሰ ቁጥር አገሪቱ ትሞገስ ነበር።

በዚህ ክንድ ሲለካ አሜሪካ ከፊተኞቹ ተርታ ነበረች። ብትሆን አይገርምም፤ ከሞንታና ግዛት በስተቀር አሠሪው በቂ ምክንያት ሳያቀርብ ማሰናበት ይችላል፤ የፌዴራሉ ሕግም ለግል ድርጅት ሠራተኛ አንዲት ቀን የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ አያስገድድም። ዓለም አቀፉ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የራሱን ክንድ ይዞ መጣ። በእሱ ልኬት ቁጥር ሲጨምር ነውር ነው፤ አሜሪካንም «መብት ስልታዊ በሆነ መንገድ ከሚጣስባቸው» ጋር 4ኛው ምድብ ውስጥ ዶላት። አንዲት አገር ሽልማቱንም ቁጣውንም ተቀበለች።

ባንኩስ? ከዚያ በፊት ቅሬታ ሲበረታበት የሠራተኛውን መለኪያ ከደረጃው አውጥቶ ነበር። ሪፖርቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ቁጥሮቹ መነካካታቸው ተደርሶበት ተቋረጠ። የ42 ዓመቱ ሰውዬ የስንብት ክፍያ ስለማግኘቱ የተነገረ ነገር የለም።

ለኪዎቹን እንተዋቸው፤ የእኛው ደረጃ ወዳድ ይበልጣል። እሁድ ጠዋት ሶፋው ላይ ተደላድሎ እንግዶቹን ያስተምራል። «ፈረንሳይ በሳምንት 35 ሰዓት ነው! እኛም አናንስም፤ አዋጅ 1156/2011 ለጀማሪ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወላድ 120 ቀን ይሰጣል። አሜሪካንን በዚህ እናስከነዳታለን!» ያለው ሁሉ እውነት ነው። ንግግሩን የሚያቋርጠው «ማነሽ! ሁለተኛው አልደረሰም እንዴ?» ለማለት ብቻ ነው።

ቡናውን የምታፈላው ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆማለች። ያ የተመካበት አዋጅ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ «በደንብ ይወሰናል» ብሎ አልፎታል። ከእንግዶቹ አንዱ ደፍሮ «የእሷስ ፈቃድ ስንት ቀን ነው?» ቢለው ባለቤቱ ቅር አለው።

«ምን ማለትህ ነው? እሷ እኮ እንደ ልጃችን ናት!»

የወለደው ልጁ እስካሁን ከአልጋው አልወረደም።