ሐረና ላይ ወፍ ፍለጋ

የደመና ደን ለማየት መሄድ፣ ነገሩን በቅጡ ካሰቡት፣ ላለማየት ገንዘብ መክፈል ነው። መኪና ይከራያል፣ መግቢያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይቀጠራል፤ ልክ ዓይንዎን ገለጥ ሲያደርጉ ደመናው መጥቶ ሁሉንም ይከድነዋል። አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም። የባሌው ሐረና ደን በዚህ በኩል አንደኛ ነው። እንዲያም ሆኖ ሂዱ ብዬ የምወተውተው እሱኑ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሽቅብ ነው የሚጎትተው። ሳነቲ ላይ ሲደርሱ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነዎት፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ተገትሯል፣ ቀይ ቀበሮው የአይጥ ጉድጓድ ላይ አድብቷል፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትሩን ይዞ ከጎን ቆሟል። የሄድን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ጃኬቱን አውልቆ «ታዲያ ደመና ያላችሁት የታለ?» አለ። ጥቂት እንደ ሄድን ምድሩ ድንገት አለቀ። መንገዱ ከአፋፉ ላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከታች ነጭ ነገር ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። ሹፌራችን አማተበና መብራት አበራ። ጃኬቱም ተመልሶ ተለበሰ።

ከህንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር የተራራውን ደቡባዊ ግድግዳ ሲገጥም ማለፊያ አጥቶ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ደመናው በዛፎቹ መካከል ሲያልፍ ቅጠሉና ከኮሶው፣ ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ መነኩሴ ጢም የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት ጠብታውን እየለቀሙ ወደ መሬት ያወርዱታል። ስለዚህ ሐረና ውስጥ ዝናብ ሳይዘንብ መበስበስ ይቻላል። ወልመልን የመሰሉ ወንዞች ቆላውን የሚያጠጡት ይህም ውሃ ታክሎበት ነው።

ሪራ ከምትባለው መንደር አካባቢ ቀርከሃው ይጀምራል። የባሌ ጦጣ የምትኖረው እዚህ ነው፤ ምግቧ በአብዛኛው ለጋ የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ ቀርከሃው ከተመነጠረ ዋና ምግቧ አብሮ ይጠፋል። አንዷ መንገድ ዳር ተቀምጣ እያላመጠች አየችን፤ ማላመጧን አላቋረጠችም።

እንግዲህ ስለ ጓዶቼ ልንገራችሁ። አንደኛው ወዳጄ የወፍ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሉ፤ እሱም ሁሉንም ሳያይ ለመሞት ፈቃደኛ አይደለም። አሥር ኪስ ያለው ሰደርያ ይለብሳል፣ መነጽሩ ከአንገቱ አይወርድም፣ ጨው አቀብሉኝ ሲል እንኳ በሹክሹክታ ነው። የባለቤቴ ወንድም ግን የአዲስ አበባ የእሁድ ተጓዥ ነው። እንጦጦም ይሁን ወንጪ የሚወጣው ከመሰሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ስፒከር ከቦርሳው ላይ አንጠልጥሎ ነው። ከተማ ሰለቸን ብለው ከተማውን አዝለው ተራራ የሚወጡ ሰዎች ነገር መቼም አይገባኝም።

ካቻ ከሚባለው ገላጣ ቦታ ድንኳን ተክለን አደርንና ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣን። አስጎብኚያችን የአገሩ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በቦቲ ጫማ ጭቃው ላይ ድምፅ ሳያሰማ የሚራመድ። የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ሽቅብ አንሥቶ እያሽከረከረ «እዚህ ወፍ የለም!» ሲል ልጁ ደንገጥ ብሎ «ኧረ አሉ ጋሼ፣ ዝም ካሉላቸው ይመጣሉ» አለው። ስለ ኔትወርክ መሆኑን ያስረዳው የለም።

ወፍ ማየት ውስጥ ይሉኝታ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ ይፈጠራል። አስጎብኚው ይጠቁማል፦ «ከዚያ ዝግባ ኋላ ካለው ዝግባ፣ ግራ ቅርንጫፉ ላይ፣ ከቅጠሉ ጀርባ።» አላየሁም ማለት ልጁን ማሳዘን ይመስላል። ሦስተኛ ጊዜ እጁን ሲዘረጋ የባለቤቴ ወንድም ቀድሞ «አየኋት! አቤት ውበት!» አለ። ልጁ በትሕትና «እሺ ጋሼ፤ እኔ ግን የምንሄድበትን መንገድ ነበር ያሳየሁት» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዝም አልን። ዝም ሲባል ደኑ ይናገራል። ግንደ ቆርቁሩ ከሩቅ ይመታል፤ ከበላያችን ትልቅ ምንቃር ያለው ወፍ ሲያልፍ የክንፉ ንፋስ ይሰማል፣ አካሉ ግን አይታይም። ፈረንጆቹ የድመት ወፍ የሚሏት፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለች ግራጫ ወፍ ከቁጥቋጦው ውስጥ ከጓደኛዋ ጋር እየተቀባበለች ስታዜም ወዳጄ ደብተሩን አውጥቶ «ተሰማች» ብሎ ጻፈ። የባለቤቴ ወንድም «ይህንንማ ፍርድ ቤትም አይቀበለውም» አለ፣ በሹክሹክታ። መሻሻል ነው።

በመጨረሻ ደመናው ትንሽ ተቀደደና ሶሪት መጣች። መጀመሪያ ሻካራ ጩኸቷ፣ ቀጥሎ ራሷ። ከእኛ ጥቂት ርምጃ ላይ ባለ ሽበታም ቅርንጫፍ ላይ ወዲያና ወዲህ ሮጠች። ሰውነቷ አረንጓዴ ነው፤ ቁንጮዋ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቀለበት አለ፣ ከዓይኗ ፊት ነጭ ነጥብ፣ ከጆሮዋ ሥር ወደ አንገቷ የሚወርድ ነጭ መስመር። አንድ ፍሬ ዋጠች፣ አንገቷን አዘነበለች፣ ከዚያ ክንፏን ከፍታ ስትነሣ እስካሁን የደበቀችው ደማቅ ቀይ ብልጭ አለ። ወዳጄ፣ ሹክሹክታውን ረስቶ፣ የክንፏ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት መሆኑን አስረዳን። የባለቤቴ ወንድም አሰበና «እንግዲያው ቆራሌው ይህን ቦታ አያውቀውም ማለት ነው» አለ።

ሶሪትን የመሳሰሉ ፍሬ በሊታዎች የሚበሉትን ያህል ይዘራሉም። ወደ ታች ሲወርዱ የሚገኘው ጫካ ቡናም ሰው ያልተከለው ነው፤ ነዋሪው ለቅሞ ይሸጠዋል። ከዛፉ አናት ላይ የተሰቀሉት የቀርከሃ ቀፎዎችም የዚያው ሕዝብ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ ደስ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዛፉን ከመጥረቢያ የሚያስጥለው ከመዝገቡ ይልቅ ማሩና ቡናው ነው።

ስለዚህ ስትሄዱ የዝናብ ልብስ ያዙ፣ በበጋም ቢሆን። አስጎብኚያችሁ የአገሩ ልጅ ይሁን፤ ማሩንና ቡናውን ሳትከራከሩ ከነዋሪው ግዙ። ስፒከር ያለው ሰው ካለ ደግሞ ጎባ ላይ አውርዱት፤ ስፒከሩን ማለቴ ነው።