ያልዋለበት ምስክር

የፊልም ወግ በተነሳ ቁጥር አንድ ወዳጃችን ቀድሞ ይዘጋዋል። «ሮተን ቶሜቶስ 95 ሰጥቶታል» ይላል፤ ክርክሩም እንደ ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ እዚያው ያበቃል። «አይተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ለምን ብሎ ይየው? ያዩለት አሉ።

ቁጥሩንም ቢሆን በቅጡ አላየውም። የሐያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው በዚህ ድረ ገጽ 95 ማለት ከ100 ሐያስያን 95ቱ «ደህና ነው» አሉ ማለት እንጂ ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም። ሁሉም ትከሻቸውን ሰብቀው «እንግዲህ፣ አይከፋም» ቢሉ፣ ፊልሙ መቶ ከመቶ ደፈነ!

ሐያስያን ደግሞ ሐሳብ ይቀይራሉ። የስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ፣ የዓመቱን መናኛ ሥራ የሚሸልሙት የወርቃማ ራዝቤሪ ሰዎች ኩብሪክን ለመጥፎ ዳይሬክተርነት አጭተውት ነበር። ዛሬ ፊልሙ ከታላላቆቹ ተርታ ይቆጠራል። ወዳጃችን ያኔ ቢኖር ኖሮ ይስቅበት ነበር፤ አሁን ደግሞ ያደንቀዋል። አንዴም ሳያየው ሁለት አቋም!

በኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት መውሰዱን አሳምሮ ይነግራችኋል። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር ምን ደረሰበት ስትሉት ግን ተመልሶ ቬኒስ ይገባል።

ሐያሲው ቢያንስ ቁጭ ብሎ አይቷል። እባክህ ወዳጄ፣ አንተም አንዱን እስከ መጨረሻው እየውና «አልጣመኝም» በለን፤ ማስረጃ አንጠይቅህም።